አራሚና ገንዘብ ሰጪ ይለያዩ፦ ለበጎ ፈቃድ አስጠኚዎች የንጽጽር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቴሌግራም የሚያስጠና የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርቱ ነው፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው የትምህርት ዓይነት፣ ስንት አስጠኚ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከእነዋሪ ለፈተና የሚነሣ ልጅ ኬሚስትሪ የሚያስረዳው ሰው ሲያጣ፣ ደብረ ብርሃን ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ያለ መሐንዲስ ወይም ባሕር ማዶ ያለች የአካባቢው ተወላጅ በስልክ ሊደርሱለት ይችላሉ።

ስብስቡ ሲፈርስ ግን ምክንያቱ ኬሚስትሪ ሆኖ አላየሁም። አስጠኚዎች የሚርቁት ወይ በአነጋገር ተቀይመው፣ ወይ ስሕተታቸው በሰው ፊት ተነሥቶባቸው፣ ወይ በገንዘብ ጉዳይ ተጠራጥረው ነው። ብዙ ጊዜም ሦስቱ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ለየብቻቸው የሚወሰኑ እየመሰሉን እናያቸዋለን እንጂ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ገንዘብ የሚሰጠው ሰውና የአስጠኚውን ሥራ የሚያርመው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ከሰጪ አፍ የሚወጣ እርማት ምንም ያህል ቢለሰልስ ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል፤ ተቀባዩም መልስ መስጠት ያቅተዋል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የምመዝነው በዚህ ነው።

አነጋገር፦ «እርስዎ»፣ «አንተ» ወይስ ሥራ ብቻ?

በአንድ ስብስብ ውስጥ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለብዙ ዓመት ከአገር ርቃ የኖረች ሴት ይገናኛሉ። የሚተዋወቁት በስም ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሦስት ዓይነት ልማድ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ሁሉም ሰው ሁሉንም «እርስዎ» የሚልበት ነው። ታላላቆችን አያስቀይምም፣ ጠብንም ያርቃል። ጉድለቱ ወጣቱ በታላቁ ሥራ ላይ ስሕተት ሲያይ ዝም ማለቱ ነው። ጋሼ በሠሩት የፊዚክስ መልስ ላይ የመለኪያ አሃዱ ተሳስቶ ያየ ልጅ «እኔ ማን ነኝና» ብሎ ያልፈዋል፣ ስሕተቱም ወደ መቶ ደብተር ይገለበጣል።

ሁለተኛው የቅርብ ጓደኞች አነጋገር ነው፤ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ ቀልድ፣ ተረብ። በአንድ ግቢ የተማሩ እኩዮች ስብስብ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። እርማት በቀላሉ ይነገራል፣ ሥራም ይፈጥናል። ታላቅ ሰው ሲገባበት ግን ይሰናከላል። በእኛ አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው ያላወቁት ወጣት «አንተ» ቢላቸው አይጣሉም፤ መልእክት ማየት ይተዉና ቀስ ብለው ይወጣሉ። አስተባባሪው ምክንያቱን ሳይሰማ ጥሩ አስጠኚ አጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሥራ ውጭ ምንም የማይጻፍበት ነው፤ ሰላምታም የለም፣ ጥያቄና መልስ ብቻ። ተማሪዎች ለሚያነቡበት የቴሌግራም ክፍል ይህ ትክክል ነው። አስጠኚዎች እርስ በርስ ለሚገናኙበት ክፍል ግን አይበቃም፤ በጎ ፈቃደኛን የሚያቆየው ሰው መኖሩ ነው። ልጇ የታመመባትን አስጠኚ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» የሚላት ሰው ከሌለ በሚቀጥለው ወር ለምን ትመጣለች?

የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው፣ ከአንድ ማሻሻያ ጋር። የሚያስጠና ሁሉ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን «መምህር» ተብሎ ይጠራ። የሃያ ዓመቱ ወጣት «መምህር» ሲባል የማረም ሥልጣን ያገኛል፤ የጡረተኛው ክብርም አይጎድልም። ለተማሪዎች «አንተ» እና «አንቺ» ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን የቁልምጫ ቃል በተለይም ከወንድ አስጠኚ ወደ ሴት ተማሪ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ አስጠኚና ተማሪም በግል መልእክት አይገናኙ። ጥያቄ ያላት ተማሪ በጋራው ክፍል ትጠይቅ፣ ካፈረች ለሴት አስተባባሪ ትጻፍ። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም፤ ወላጆች ልጃቸውን አምነው ስልክ የሰጡት ለዚህ ነውና።

ጽሑፍና ድምፅን ማነጻጸርም ያስፈልጋል። ትእዛዝ በአማርኛ ሲጻፍ ሻካራ ነው። «ላክ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው ተቆጪ ይመስላል፤ «ቢልኩልን» ብሎ ጥቂት ፊደል መጨመር ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። የድምፅ መልእክት ለዛውን ይዞ ይመጣል፣ ዳታ ግን ይበላል፤ ከወር በኋላም ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ማስረዳት በድምፅ፣ ውሳኔ በጽሑፍ ይሁን። ክርክር ሲሞቅ ደግሞ ቴሌግራም አንድ ሰው በየስንት ጊዜው መጻፍ እንደሚችል የሚገድብ ቅንብር አለው፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይሞላል። ሰው ከማስወጣት በፊት እርሱን ሞክሩ።

ለአካባቢያችን ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የክልሉ አስጠኚዎች ሲጠፉ ውጭ ያሉት «ቸልተኞች ናቸው» ብለው የደመደሙባቸው ስብስቦች ነበሩ፤ መስመሩ ሲመለስ ልብ ለልብ መመለስ አልተቻለም። የጠፋን ሰው በጋራው ክፍል «የት ጠፋህ?» አትበሉ። ስልክ ደውሉ። አስተባባሪው የሁሉንም አስጠኚ መደበኛ የስልክ ቁጥር በወረቀት ይያዝ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የቀረው መንገድ ያ ነውና።

እርማት፦ በሰው ፊት፣ በጎን ወይስ ከመውጣቱ በፊት?

በሰው ፊት የሚደረግ እርማት ፈጣን ነው። ተማሪው የተሳሳተውን መልስ ሳይገለብጥ ትክክለኛውን ያያል። ሰው የመሆናችን ነገር ግን አለ፤ ስሕተቱ ተነሥቶበት ያፈረ አስጠኚ ሁለተኛ ጊዜ ለመመለስ ያመነታል። ሸካራ እርማት ሥራን ያጠራል የሚሉ አሉ። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በዓለም ዙሪያ ለተበተኑት አብሮ ሠሪዎቹ በሚጽፈው ቁጡ መልስ ለዓመታት ይታወቅ ነበር። በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ግን ስለ አነጋገሩ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል አለ፣ ሥራውም የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። በዘርፉ አንደኛ የነበረ ሰው ያልጠቀመውን ቁጣ እኛ ደብረ ብርሃን ላይ የምንሞክርበት ምክንያት አይታየኝም።

በጎን የሚደረግ እርማት ክብርን ይጠብቃል። ለእኛ ባሕል የሚቀርበውም እርሱ ነው፤ ሽማግሌ ሰውን የሚመክረው ነጥሎ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተሳሳተው መልስ ሳይነካ ይቆያል። ሁለተኛ፣ የጎን ንግግር ሲበዛ ሐሜት ይሆናል፤ ማን ለማን ምን እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል።

ሦስተኛው ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ማድረግ ነው። እያንዳንዱ አስጠኚ አንድ ጥንድ ይኖረዋል፤ የሠራውን መልስ ጥንዱ ሳያየው ለተማሪ አይለቀቅም። ይህን ከልቤ እደግፈዋለሁ። እርማቱ በሁለት ሰው መካከል ስለሆነ ውርደት የለውም፣ ተማሪው ጋ የሚደርሰውም የታረመ ነው። ጥንዶቹ ታላቅና ታናሽ ቢሆኑ ደግሞ ወጣቱ የጋሼን ሥራ ማየት ግዴታው ስለሚሆን ድፍረት አይባልበትም፤ ለ«እርስዎ» አነጋገር ጉድለት መድኃኒቱ ይህ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው። ማታ የተጠየቀ ጥያቄ መልሱ በማግሥቱ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ በወቅት መለየት ይሻላል። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጥንድ አራሚ፤ ፈተናው በተቃረበበት ሰሞን ደግሞ ፈጣን መልስና በግልጽ የሚነገር እርማት። የግልጽ እርማቱ አጻጻፍ አስቀድሞ ይወሰን፦ «የጥያቄ 14 መልስ ለ ሳይሆን ሐ ነው፤ ምክንያቱ ይህ ነው»። «መምህር እገሌ ተሳስተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። የሚታረመው መልሱ ነው።

የተሳሳተ መልስን በዝምታ መደምሰስ ትልቅ ጥፋት ነው። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ማስተካከል ይችላል፤ ያስተካክል፣ ነገር ግን ከሥሩ «ተስተካክሏል» ብሎ ይጻፍና አዲስ መልእክትም ይላክ። ማታ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ስልኩን ለታላቅ ወንድሙ የመለሰው ልጅ የተደመሰሰውን ነገር በምን ያውቃል?

ተማሪዎች ስለ አስጠኚዎች የሚሰጡት አስተያየትስ? በጋራው ክፍል ብትጠይቋቸው ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን» ይላሉ፤ ይሉኝታ አለ። ማን እንደመረጠ የማያሳይ የድምፅ መስጫ ተጠቀሙና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ካስረዳናችሁ ያልገባችሁ የትኛው ነው?» ጥያቄው ስለ ትምህርቱ ስለሆነ መልሱም ስለ ትምህርቱ ይሆናል። በየወሩ «ምርጥ አስጠኚ» እየመረጡ ስም መጥራትን ግን አልመክርም። አንዱን ያስደስትና የቀሩትን ያቀዘቅዛል።

ገንዘብ፦ ከየት ይምጣ፣ በማን እጅ ይቀመጥ?

መጀመሪያ ገንዘብ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ጥያቄ መሥራትና ማስረዳት ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ያለ ገንዘብ ዓመታት መዝለቅ ይቻላል። ገንዘብ የሌለበት ስብስብ ጠብ የለበትም። ወጪ የሚመጣው ወረቀት ማተም፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መግዛት፣ ለአስጠኚ ዳታ መሙላት ሲጀመር ነው።

የአባላት ወርኃዊ መዋጮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እድር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይኖራል፤ የሚከፈለው ለሁሉም እኩልና ትንሽ ነው። ጥንካሬው ማንም ከማንም በላይ ድምፅ የማይኖረው መሆኑ ነው። በተለይ ለእኔ መለኪያ ከዚህ የሚበልጥ የለም፦ ሁሉም ሰጪ ስለሆነ ሰጪነት ለማንም የማረም ሥልጣን አይሰጥም። ድክመቱ የሚሰበሰበው ትንሽ መሆኑና አስጠኚውን ጉልበቱንም ገንዘቡንም መጠየቁ ነው። ስለዚህ የሚያስጠናው ከመዋጮ ነጻ ይሁን፤ ማስጠናት የማይችል ግን ማገዝ የሚፈልግ ይክፈል።

ለአንድ ጉዳይ ብቻ ማሰባሰብ ሌላው መንገድ ነው፦ «ለዚህ ትምህርት ቤት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል አጋዥ መጻሕፍት»። ሰው የሚታይ ነገር ላይ ይሰጣል፤ መጽሐፉ ሲገዛ ጉዳዩ ይዘጋል፣ የሚጠረጠር ቀሪ ሒሳብም አይኖርም። ለጀማሪ ስብስብ ከወርኃዊ መዋጮ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ችግሩ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ስለዚህ ማሰባሰቢያው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ አይራዘም፤ ግቡም በብር ሳይሆን በመጽሐፍ ቁጥር ይነገር። ተመኑ ቢለዋወጥ ቃላችሁ አይለዋወጥም።

አንድ ትልቅ ሰጪ ማግኘት ደግሞ በጣም የሚያጓጓው ነው። ከባሕር ማዶ አንድ ቸር ሰው የዓመቱን ወጪ በሙሉ እችላለሁ ይላል። ሰውየው በእውነት ቸር ነው፤ የተማረበት ትምህርት ቤት ያንገበግበዋል። በሁለተኛው ወር «ይቺ ልጅ መልስ ታዘገያለች» ይላል፣ በሦስተኛው «ባዮሎጂ ይቅርና እንግሊዝኛ ይጨመር» ይላል። ክፉ አላሰበም፤ ከሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ ያጠራቀመው ገንዘቡ ነውና ይመለከተኛል ይላል። አስተባባሪው እምቢ ማለት ያቅተዋል። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ጥንዷም ይከተላታል። የሚቀረው የሚከፈልበት ባዶ ክፍል ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስጦታ ግፉት አልልም፤ ነገር ግን ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፦ ሰጪው የሒሳብ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ይደርሰዋል፤ ስለ ትምህርቱ አሳብ ካለው እንደማንኛውም ሰው ለአስተባባሪዎች ይጽፋል፤ በአስጠኚዎች ክፍል ውስጥ ግን አይገባም። ይህን የሚቀበል ሰጪ ለብዙ ዓመት ወዳጅ ይሆናል።

ውክፔዲያን ተመልከቱ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን ሲሆን ገቢው በአብዛኛው ከአንባቢዎች ከሚሰበሰብ አነስተኛ ስጦታ ነው። መጣጥፎቹን የሚጽፉትና የሚያርሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የለገሰ ሰው ስለለገሰ ብቻ በአንድ መጣጥፍ ላይ የተለየ መብት አያገኝም፤ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ደግሞ መከፈሉን እንዲገልጽ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአጠቃቀም ደንቡ ተገድዷል። በዚያ ስፋት ሊሠራ የቻለ መለያየት በሠላሳ ሰው ስብስብ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

በማን እጅ ይቀመጥ ለሚለው፣ የአንድ ሰው ቴሌብር ፈጣን ነው፤ ከ2013 ወዲህ ከገጠር ከተማ ሆኖ መላክም መቀበልም ቀላል ሆኗል። ነገር ግን ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም ነው፤ ያ ሰው ቢታመም ወይም ስልኩ ቢጠፋ ሁሉም ይቆማል፣ ንጹሕ ሆኖም ይታማል። የጋራ የባንክ ሒሳብ ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ካልፈረሙ የማይወጣበት ሆኖ ቢከፈት ለገንዘብ ያዡ ራሱ ጥበቃ ነው። ጎፈንድሚን የመሳሰሉ የውጭ ማሰባሰቢያዎች በኢትዮጵያ ላለ ሒሳብ ስለማይከፍሉ ውጭ ያለ ሰው በስሙ ከፍቶ ማስተላለፍ አለበት፤ እምነቱም ሸክሙም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ይህን መንገድ ለአንድ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሕጋዊ ምዝገባ ለጀማሪ አይቸኮልበትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበርን ለማቋቋም አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ይጠይቃል፤ ለሦስተኛ ወገን የቆመ ድርጅትም የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ዓመታዊ ሪፖርት አለ። ጥቅሙ በስብስቡ ስም ሒሳብ መክፈትና ከትምህርት ቤቶች ጋር ውል መዋዋል ነው። በየዓመቱ መጻሕፍት በብዛት መግዛት ከጀመራችሁ ተመዝገቡ፤ ካልሆነ የሪፖርት ጽሕፈት የማስጠናቱን ጊዜ ይወስደዋል።

አስጠኚ ይከፈለው? አበል ከጀመራችሁ ያልተከፈለው ያኮርፋል፤ ምንም ካልከፈላችሁ ደግሞ ደመወዝ ያለው ብቻ ይቀራል፣ ካርድ መሙላት ያቃተው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ይጠፋል። የሚሻለው ለጊዜው ሳይሆን ለወጪው መክፈል ነው፦ በወር የተወሰነ የዳታ ጥቅል። ለጠየቀ ብቻ ከሰጣችሁ ግን የሚጠይቅ አይኖርም፤ ይሉኝታ ያስራል። ለሁሉም አስጠኚ በአንድ ቀን ይሞላላቸው፤ የማያስፈልገው «ለሌላ ይሁንልኝ» ብሎ ይመልስ። መመለስ ክብር ነው፣ መለመን ግን ይከብዳል።

ደንቡ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ይውጣ። የመንዝ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው የአስቦና የጌራ የሚባሉት የመሬት ባለመብቶች በመረጧቸው አለቆች ሥር ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በስምምነት ስለሚከፈት ነበር፤ ማን መቼ እንደሚያጭድ የሚወሰነው ማጭዱ ከመነሣቱ በፊት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ካፈረሰው በኋላም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ አደረጃጀት መልሶ አቋቁሞታል።

ከእነዚህ የትኛው ለእናንተ?

እኩዮች ከሆናችሁና ገና ከጀመራችሁ፦ የቅርብ አነጋገር፣ ጥንድ አራሚ፣ ያለ ገንዘብ። አንድ ዓመት እንዲህ ሥሩ።

ታላላቅ መምህራንን የምትጋብዙ ከሆነ፦ «እርስዎ» እና «መምህር»፣ ታላቅና ታናሽ የተጣመሩበት አራሚ፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚሰበሰብ ገንዘብ።

ከግማሽ በላይ አባላት ውጭ አገር ካሉ፦ ሁለት ክፍል ክፈቱ። አንዱ የደጋፊዎች፣ ሌላው የአስጠኚዎች። ሪፖርት በደጋፊዎቹ ክፍል ይለጠፋል፣ እርማት በአስጠኚዎቹ ክፍል ይቀራል፤ በሁለቱም ውስጥ የሚገኘው አስተባባሪ ብቻ ነው። እርሱም ገንዘብ ያዥ አይሁን።

የሒሳብ ሪፖርቱን በተራ መልእክት ብቻ አትተዉት፤ መልእክት ሊስተካከልም ሊደመሰስም ይችላል። የባንክ ደረሰኞቹን ከነግብይት ቁጥራቸው በአንድ ፋይል አድርጋችሁ በየሩብ ዓመቱ ለሁሉም ደጋፊ ላኩ፤ የላኪዎችን ስልክና የሒሳብ ቁጥር ግን አስቀድማችሁ ሸፍኑ። ገንዘብ ያዡም በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሒሳቡን ለተተኪው ያስረክብ፤ በደንብ የሠራ ቢሆንም እንኳ፣ በተለይ በደንብ የሠራ ከሆነ፣ ሳይታማ ወደ ማስጠናቱ እንዲመለስ።